ጎዶሎው ሆንዳ

ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃውን የሚያጎድል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ የእህቴን ልጅ ላሳያችሁ። እስራኤል፣ አሽቀሎን ተወልዶ ያደገ፣ ወታደርነቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ፣ ደመወዙን ለአንድ አሮጌ ሆንዳ የሚገብር ጎረምሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የተሠራ ሲቢ 750 ሞተር ሳይክል ሞሻቭ ከሚሉት ከአንድ የገበሬ መንደር፣ ከዶሮ ቤት ጥግ፣ ከነአቧራው ገዝቶ አመጣ። ሲመጣ ምንም አልጎደለውም ነበር፤ ሁለት ሰው ተደላድሎ የሚቀመጥበት ረጅም መቀመጫ፣ የፊትና የኋላ ፓራፋንጎ፣ አራት ፍሬቻ፣ ሁለት ስፖኪዮ፣ ከኋላ የተፈናጠጠ ሰው የሚጨብጠው የብረት እጀታ አለው። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሙሉ ዕቃ ሲገባ ቡና ይፈላል፣ ይመረቃል። ልጁ ግን ምርቃቱን እንኳ ሳይጠብቅ ካቻቢቴ አነሣ።

መጀመሪያ መቀመጫው ሄደ። ቀጥሎ ፓራፋንጎው። ከዚያ ፍሬቻዎቹ ወልቀው በምትካቸው የጣት ጫፍ የምታክል መብራት ገባች። የሚገርመኝ መጉደሉ አይደለም፤ መጉደሉ በገንዘብ መሆኑ ነው። አጭሩ መቀመጫ ከረጅሙ ይወደዳል። ትንሿ መብራት ከትልቋ ትወደዳለች። የሆንዳው ክብደት በኪሎ በቀነሰ ቁጥር የልጁ የባንክ ሒሳብ በሺህ ሼቄል ይቀንሳል።

«ይህ በሽታ ስም አለው?» ብለው አባቴ ጠየቁኝ። አለው። ካፌ ሬሰር ይባላል።

ነገሩን ለአባቴ ማስረዳት የኔ ዕዳ ሆነ። የአባቴ ዕብራይስጥ ከገበያ አያልፍም፣ የልጁ አማርኛ ደግሞ ከወጥ አያልፍም። መካከል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ ሞተር የማላውቀውን ነገር በሁለት ቋንቋ ሳላውቀው እውላለሁ። ሆኖም ልጁ ያለኝን ሰምቼ፣ ያላለኝንም አንብቤ፣ ለአባቴ እንዲህ ብዬ ተረኩላቸው።

ከለንደን ዳር፣ ኖርዝ ሰርኩላር በሚባለው መንገድ ላይ፣ ኤስ ካፌ የሚሉት የከባድ መኪና ነጂዎች ምግብ ቤት ነበር። በ1938 ተከፈተ፣ በጦርነቱ በቦምብ ፈረሰ፣ በ1949 እንደገና ተሠራ። ሌሊቱንም ክፍት ስለነበር በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ የእንግሊዝ ጎረምሶች ጥቁር የቆዳ ጃኬት እየለበሱ በሞተር ሳይክል ይሰበሰቡበት ጀመር። ሁሉም የሚመኘው በሰዓት 100 ማይል መድረስን ነው፤ በኛ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የውድድር ሞተር ሳይክል መግዣ የላቸውም። ስለዚህ ያላቸውን ገፈፉት። መሪውን ዝቅ አድርገው ነጂው ታንኩ ላይ እንዲተኛ፣ የእግር መርገጫውን ወደ ኋላ ስበው ጉልበቱ እንዲታጠፍ አደረጉ። የባሰባቸው የትራይምፍን ሞተር ከኖርተን ሻንሲ ላይ አስቀምጠው ትራይተን የሚባል ዲቃላ ፈጠሩ። አንዱ ሳንቲም ከቶ ዘፈን ያስጀምራል፣ ዘፈኑ ሳያልቅ መንገዱን ዞሮ ለመመለስ ይበራል ይባላል።

አባቴ እስከዚህ በትዕግሥት ሰሙ። «እንግዲህ ወዴት ነው የሚቸኩሉ?»

«ወደ ቡና ቤት።»

«ቡና ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል» አሉ፤ «ቀድሞ የደረሰው ምን ያገኛል? ጥሬውን?»

«እንግሊዞች አይደሉ አባቴ፣ ሻይ ነው የሚጠጡት።»

«ለሻይማ ጭራሽ!»

አንድ ነገር ብቻ ደስ አሰኛቸው። በዚያ ዘመን ቢል ሸርጎልድ የሚባሉ የአንግሊካን ቄስ ነበሩ። ሕዝቡ ሁሉ እነዚህን ጎረምሶች ሲሸሻቸው እኒህ ቄስ ራሳቸው ሞተር ሳይክል ላይ ወጥተው ሄዱባቸው፤ በ1962 ከነሞተራቸው ቤተ ክርስቲያን ጠሯቸው፣ 59 ክለብ የሚባለውንም ማኅበር የሞተረኞች መጠጊያ አደረጉት። አባቴ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቄሱ ያውቃሉ» አሉ። «እንዲህ የሚነዳን ሰው አስቀድሞ መተዋወቅ ይሻላል። ለቀብሩ መጠራታቸው አይቀርም።»

እንግሊዞቹን የጣላቸው ፖሊስ አይደለም፤ ጃፓን ነው። ኤስ ካፌ በተዘጋበት ዓመት፣ በ1969፣ ሆንዳ የመጀመሪያውን ሲቢ 750 ለገበያ አወጣ። አራት ሲሊንደር፣ ከፊት የዲስክ ፍሬን፣ በጣት ተጭነው የሚያስነሡት ሞተር፣ ዘይትም የማያንጠባጥብ። የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል የቆመበት መሬት በዘይት ይታወቅ ነበርና ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በሰባዎቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ተራ በተራ ወደቁ፤ የትራይምፍ የሜሪደን ፋብሪካም በ1983 ተዘጋ። ዓመታት አለፉ፣ የጃፓኖቹ ዕቃ በተራው አረጀ፣ ረከሰ፣ የዶሮ ቤት ጥግ ገባ። ሞተሩ ግን እንቢ አለ፤ አልሞትም አለ። ለንደንን በዓይኑ ያላየ ጎረምሳ በየአገሩ ከየጥጉ እያወጣ ይገፈው ያዘ። የኛውም አንዱ ነው።

አባቴ በሆንዳው ላይ ፊታቸውን ያዞሩት እስከ አንድ ቀን ድረስ ነበር። ያን ቀን የሶይቺሮ ሆንዳን ታሪክ ነገርኳቸው። ሰውየው በ1906 ሐማማትሱ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው የተወለደው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ቢስክሌትም ይጠግን ነበር። እናቱ ሸማኔ ነበረች። አባቴ ከወለቃ ናቸው፣ ከጎንደር ከተማ አፍንጫ ሥር ካለችው መንደር። እዚያ የኛ ወንዶች ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ይሸምናሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። እሳቸውም እስራኤል እስከገቡበት ቀን ድረስ ከወናፍ አልተለዩም።

«ቀጥቃጭና ሸማኔ?» አሉ ቀና ብለው። «ታዲያ ቡዳ አላሉትም?»

«እዚያ አይሉም መሰለኝ።»

«ዕድለኛ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆንዳው የቤተ ዘመድ ዕቃ ሆነ።

አሁን ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ልውሰዳችሁ፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው እዚያ ነውና። የአሽቀሎንን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ የሚያውቅ ሰው የኛን ሽማግሌዎች ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ጥላው ወዳለበት አግዳሚ ይመጣሉ። የትም አይሄዱም። በእስራኤል 75 ዓመት የሞላው ሰው በሕዝብ ማመላለሻ በነፃ ይሳፈራል፤ አባቴም ከሞላቸው ቆይቷል፣ ካርዳቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሲያሻቸው ቤር ሸቫ፣ ሲያሻቸው ሃይፋ መውረድ ይችላሉ። «የት እሄዳለሁ?» ይላሉ፤ «ሰዉ ሁሉ እዚህ አይደል የሚመጣ?» እውነታቸውን ነው። እሑድ ጠዋት ጠመንጃ ያነገቱ ወታደሮች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ ጦር ሰፈራቸው ይሄዳሉ፣ ዓርብ ይመለሳሉ፤ ሽማግሌዎቹም የማን ልጅ እንደከሳ፣ የማን ልጅ ማዕረግ እንደጨመረ መዝግበው ይይዛሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ለሰንበት ሲቆም እነሱም ይነሣሉ።

የእህቴ ልጅ ቀን ሥራ ላይ ነው፤ ዕቃ ሻጮቹ ደግሞ ከአሽዶድ፣ ከቂርያት ጋት፣ ከየትም የሚመጡ መንገደኞች ናቸው። ሁሉም የሚያውቀው ቦታ ጣቢያው ነው። ስለዚህ ለሻጮቹ ሁሉ አንድ ትእዛዝ ይሰጣል፤ «ጣቢያው ላይ አያቴ ቁጭ ብለዋል፣ ለሳቸው ስጥልኝ። ነጭ ኩታ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል።» ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ነጭ ኩታ ለብሷል፣ ሁሉም ከዘራ ይዟል። አንድ ጊዜ የፍሪሲዮን እጀታ ከአባቴ ጎን ለተቀመጡት ሽማግሌ ተሰጠ። እሳቸውም የማያውቁት ወጣት ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሲሰጣቸው የመንግሥት ነገር መስሏቸው መርቀው ተቀበሉ፣ ቤታቸው ወሰዱ፣ ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ለማስመለስ አንድ ቡና ሙሉ፣ አቦልም ቶናም በረካም፣ መቀመጥ ግድ ሆነ።

አግዳሚው እያደር የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ሆነ። ዕቃ ሲመጣ ዝም ብሎ አይረከቡም። ይገለባበጣል፣ በከዘራ ይመታል፣ ድምፁ ይደመጣል። ሻጩ ገንዘቡ ከልጁ ጋር እንዳለቀ ቢናገርም ሰሚ የለም፤ ዋጋው እንደገና ይጠየቃል፣ «እ!» ተብሎም ፊት ይዞርበታል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በወጣትነታቸው የኤንትሬ ረዳት ሆነው ጎንደርና አሥመራን ያመላለሱ ናቸው። ፊያት ኤንትሬ በሊማሊሞ ሲወርድ ፍሬኑን እያዳመጠ ያደገ ሰው ደግሞ ስለ ሞተር የመጨረሻውን ቃል ለማንም አይለቅም።

ታዲያ እኒህ ሰው አንድ ቀን አሳፈሩን። የእህቴ ልጅ ትልቁን የአየር ማጣሪያ ሣጥን ነቅሎ ጥሎ ለአራቱ ካርቡራቶሮች አራት ትናንሽ ማጣሪያ ገጥሞ ነበር። መልኩ አማረ፤ ሞተሩ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ያስል ጀመር። ቆሞ ደህና ያጓራል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይተነፍሳል፣ ይንተፋተፋል። ልጁ ካንዴላ ቀየረ፣ ሽቦ ቀየረ፣ ባትሪ ቀየረ። ካንዴላዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ አግዳሚው ላይ ለአያቱ ሲያሳይ የኤንትሬው ረዳት አንዷን አንሥተው በመነጽራቸው አዩዋት። ጫፏ ነጥቷል። «አየር በዝቶበታል» አሉ፤ «ቤንዚን አንሶት ነው የሚያስለው። ያንን ሣጥን ማን ንቀል አለህ?» ልጁ እኔን አየኝ፣ እኔ ካንዴላዋን አየኋት። ነገሩ እውነት ነበር። የዚህ ዓይነት ካርቡራቶር ውስጡ ያለውን ክዳን የሚያነሣው የአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ ሣጥኑ ያን አየር ያረጋጋዋል። ሣጥኑ ሲወጣ አየሩ ይበዛል፣ ይናወጣል፣ ቤንዚኑ ይሳሳል። መፍትሔው ወይ ሣጥኑን መመለስ ነው ወይ ሰፋ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ መግጠም። ልጁ ሰፋ ያለውን ገዛ፤ እሱም በአግዳሚው በኩል መጣ።

የጭስ ማውጫው ቀን ግን ሳቅ አልነበረም። አራቱ ቱቦዎች ወደ አንድ የሚገቡበት ማርሚታ ነው፤ ልጁ ሙቀቱን እንዲይዝ ቱቦዎቹን በፋሻ መሰል ጨርቅ ዳር እስከ ዳር የጠቀለለ ሰው ፈልጎ አገኘ። ሻጩም በጆንያ አድርጎ አግዳሚው ሥር አስቀመጠላቸው። ጥላው ዞረ፤ ሽማግሌዎቹ ጥላውን ተከትለው ወደ ማዶ ተነሡ። ጆንያው ቀረ። አሁን አስቡት፤ አሽቀሎን ናት፣ ጋዛ ቅርብ ናት፣ ሳይረን ሲጮኽ መጠለያ ለመግባት ያለን 30 ሰከንድ ነው። በዚህ ከተማ አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ ባለቤት የሌለው ጆንያ፣ ከጆንያውም ጫፉ የወጣ የተጠቀለለ ብረት ቱቦ! የጥበቃው ልጅ አየው። «የማነው ይህ?» ብሎ ጮኸ። ማንም አልመለሰም። ደግሞ ጮኸ። ሰዉ መራቅ ጀመረ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ሰበሰቡ፣ ጥበቃው እጁን ወደ መገናኛው ሰደደ።

አባቴ በዚያ ሰዓት ከሰዉ ሁሉ በተቃራኒ እየተራመዱ ወደ ጆንያው መጡ። ጥበቃው «ቁሙ!» አለ። እሳቸው አልቆሙም፤ «የልጄ ልጅ ነው» አሉ በአማርኛ፣ ጆንያውን በከዘራቸው እየጠቆሙ። እኔ ከኋላ ደርሼ ባልፈታው ኖሮ ቃሉ ምን ያስከትል እንደነበር እግዜር ይወቀው። ጆንያው ተከፈተ፣ ማርሚታው ወጣ፣ ጥበቃው አገላብጦ አየው፤ ሞተረኛ ኖሮ «የስንት ነው?» ሲል ጠየቀን። የጥበቃው ልጅ ሥራውን እንደሚገባ ሠርቷል፣ ምንም አልልም። አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ በጆንያ የመጣ ዕቃ አይረከቡም። ዕቃ ማለት የሚታይ ነው ብለው ደንብ አወጡ።

ይህን ሁሉ ያየ ዘመድ «አገር ቤት እንዲህ አይደለም» ይላል። አገር ቤት ማን ይነቅላል? ጎንደርና ባሕር ዳር ሄጄ ያየሁት ሞተር ሳይክል ሁሉ ይጨመርበታል እንጂ አይቀነስበትም። ከነጂው ኋላ ሁለት ሰው፣ በመካከል ጀሪካን፣ ከፊት ታንኩ ላይ የታሰረ በግ። የመሪው ጫፍ ላይ ጭራ፣ ስፖኪዮው ላይ አበባ። ከባድ ቅነሳ ያየሁት አዲስ አበባ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ መቀመጫና ፓራፋንጎ ነው የቀነሰው፤ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2019 ልዩ ፈቃድ ከሌለው በቀር ሞተር ሳይክሉን ራሱን ከመንገድ ቀነሰችው።

ስለ መቀመጫው ከአባቴ ጋር የነበረውን ክርክር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ልጁ የሞተሩን ልክ ሲነግረኝ 747 ሲሲ ነው አለኝ፤ እኔም ለአባቴ አቀበልኩ። ቁጥሩን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ሲመጡ የኤል አል ቦይንግ 747 ከጫናቸው መካከል ነበሩ። ያን ጊዜ በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ሰው ከአዲስ አበባ ወጥቷል፤ ብዙ ሰው እንዲይዝ ተብሎም የአውሮፕላኖቹ ወንበር ተነቅሎ ነበር። ያ አንዱ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ይዞ ተነሣ።

«የኛም 747 ወንበሩ ተነቅሎ ነበር» አሉት ልጁን በኔ በኩል። «እኛ ሺህ ሆነን እንድንገባበት ነው። የአንተው ተነቅሎ ስንት ሰው ገባበት?»

ልጁ አሰበ። «አንድ» አለ።

«ቀድሞስ ስንት ይይዝ ነበር?»

«ሁለት።»

አባቴ መልስ አልሰጡም፤ ወደኔ ዞረው ቡናው አልደረሰም ወይ አሉ።

ልጁን ግን አልተዉትም። የቤንዚን ታንኩ ጎኑ ገብቶ ነበር፣ ምናልባት አንድ ዘመን ወድቆ። ልጁ ስቱኮ ገዝቶ ጉድጓዱን ሊሞላ ሲያዘጋጅ አባቴ ከበረንዳቸው አዩት። የሚኖሩት ምድር ቤት ነው፤ ሆንዳውም የቆመው በሳቸው ግቢ ነው። «ብረትን በጭቃ ትለስናለህ?» አሉ። «ጭቃ የሴቶቻችን ሙያ ነው። እነሱም የሚያውሉት ለድስት ነው።» ከዚያ መዶሻ አምጣ አሉ። የልጁን መዶሻ አይተው መለሱት፣ ሌላ አሉ፤ የሚሆናቸውን ከቆርቆሮ ሠራተኛ ተውሰን አመጣን።

እስራኤል ከገቡ ወዲህ መዶሻ ሲይዙ አላየሁም። ግሪን ሃውስ ውስጥ ቲማቲም ለቅመዋል፣ ፋብሪካ ጠርገዋል፣ ጡረታ ወጥተዋል። የሙያ ቅጽ ሲሞሉላቸው ሙያ በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ተደርጎበት ነበር። ያን ቀን ታንኩ ባዶ ተደርጎ፣ ታጥቦ፣ የቤንዚን ሽታው እስኪጠፋ አየር አግኝቶ፣ የአሸዋ ከረጢት ላይ ተጋደመላቸው። ልጁ ጉድጓዱን ከውስጥ ሊገፋ ቆልማማ ብረት በአፉ አስገባ። «ጉድጓዱን አትንካው» አሉ፤ «ዳሩን ነው።» በጉድጓዱ ዙሪያ ያበጠውን ዳር በቀላሉ እየነኩ፣ እየዞሩ፣ እየነኩ፣ እየዞሩ ሄዱ። ብረት ሲገባ ዳሩ ይነሣል፣ የተነሣው ዳር ጉድጓዱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ዳሩ ሲለቅ መካከሉ ከውስጥ በትንሽ ግፊት ይመለሳል። ልጁ ይህን በስልኩ ሲያይ የከረመው በእንግሊዝኛ ነበር። አሁን አንድም ቃል ሳይሰማ ገባው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈታሁ፤ በመካከላቸው አስተርጓሚ አላስፈለገም።

የኋላው ጉብታም፣ ከአጭሩ መቀመጫ ጀርባ ያለው፣ የሳቸው እጅ ነው። ከሳሳ ላሜራ ቆርጠው በአሸዋው ላይ ቀጠቀጡት። ላሜራው ሲደነድን ድምፁ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ አቁመው በጋዝ እሳት አግለው ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይተዉታል፣ ይለሰልሳል፣ ይቀጥላሉ። ወናፍ የለም፣ ከሰል የለም። «ይህ እሳት ሰነፍ ያደርጋል» አሉ ስለ ጋዙ፤ ግን አላጠፉትም።

አንድ ነገር ግን አጥብቀው ከለከሉ፤ ሻንሲውን። ካፌ ሬሰር የሚሠሩ ሰዎች የሻንሲውን ጭራ በግራይንደር ቆርጠው ክብ ብረት ይበይዱበታል። ልጁም ግራይንደሩን ተውሶ መጥቶ ነበር። አባቴ እግሩ ላይ ቆሙበት። ብሎኑ የተፈታ ነገር ይመለሳል፣ የተቆረጠ ግን ያው ነው ብለው ጉብታው በነባሮቹ ብሎኖች እንዲታሰር አደረጉ። እኔ በጊዜው ግትርነት መስሎኝ ነበር። ጥቅሙ የታየው ወደ በኋላ ነው።

ጎረቤትስ? ጎረቤት ተቆጣ። ሆንዳው የተነሣ ማታ ከላይኛው ፎቅ እስከ ታችኛው መስኮት ተከፈተ። ጎንደር ሳለን ቀን ማረሻውን ያሠራን የነበረ ገበሬ ማታ ጅብ ሲጮኽ የኛን ስም ይጠራ ነበር፤ ብረት የሚቀጠቅጥ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ። አባቴ ከላይ የሚወርደውን የዕብራይስጥ ስድብ ሁሉ ቆመው አዳመጡና ምን ይላሉ አሉኝ። ጩኸቱ አላስተኛንም ነው የሚሉት አልኳቸው። «ጅቡስ?» አሉ። ስለ ጅብ ያነሣ የለም አልኩ። «እንግዲያስ መልካም ጎረቤቶች ናቸው» ብለው ልጁን ማርሚታው ላይ ድምፅ መዋጫ እንዲጨምር አዘዙት። ጨመረ። በሆንዳው ላይ በገንዘብ የተጨመረ ብቸኛ ነገር እሱ ነው።

ነድቼዋለሁ? አልነዳሁም፤ ተቀምጬበታለሁ። መሪው ጉልበቴ አጠገብ ነው፣ መርገጫው ዳሌዬ አጠገብ። የእጄ አንጓ ክብደቴን ሁሉ ተሸከመ፣ አንገቴ ወደ ሰማይ ተቀለበሰ። የእህቴ ልጅ እንዲህ ሆኖ እስከ ባሕር ዳርቻው ነድቶ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። አውቶቡሱም እዚያው ይወስደዋል፤ መቀመጫ አለው፣ ቀዝቃዛ አየር አለው፣ ለስልክ መሙያ አለው። ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ እንደ መጓጓዣ ከንቱ ነው። ለወገብ ጠላት፣ ለኪስ ጠላት፣ ለዝናብ ቀን ልብስ ማበላሻ ነው። ግን እኛ ቤት ፍሪጁም፣ መኪናውም፣ ስልኩም ሲበላሽ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ከብሎን እስከ ብሎን ውስጡን የምናውቀው ዕቃ ያ ጎዶሎ ሆንዳ ብቻ ነው። ጣቢያው ላይ ሲያልፍ አግዳሚው ሁሉ ከወታደሮቹ ላይ ዓይኑን ያነሣል፤ እያንዳንዱ ሽማግሌ በእጁ ያለፈውን ዕቃ ለይቶ ይጠቁማል። «ያ የኔ እጀታ ነው» ይላሉ ያኛው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለውት የነበሩት።

ቀሪው ነገር ቴስት ነው። እዚህ አገር ተሽከርካሪ በየጊዜው ይመረመራል፤ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ፓራፋንጎ ይጠየቃል፣ ያለ ፈቃድ የተለወጠ ነገርም አይወደድም። የአባቴ ክልከላ ዋጋው የታወቀው ያኔ ነው። ሻንሲው ስላልተቆረጠ ለቴስት ሲቀርብ የተነቀለው ሁሉ ይመለሳል፤ ረጅሙ መቀመጫ፣ አራቱ ፍሬቻ፣ የኋላው እጀታ ሳይቀር። ያን ዕለት ሆንዳው እንደ ተወለደበት ቀን ሙሉ ሆኖ ግቢው ውስጥ ይቆማል። አባቴ ዞር ዞር ብለው ያዩትና «አሁን ሞተር ሆነ» ይላሉ። በማግስቱ ካቻቢቴው ይነሣል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የተነቀለው ዕቃ ሁሉ የአባቴ በረንዳ ላይ ነው። እናቴ በፊቱ ፓራፋንጎ ጤና አዳም ተክላበታለች፣ በእጀታው ላይ ነጠላ ታሰጣበታለች፣ ረጅሙ መቀመጫ ላይ እንግዳ ይቀመጥበታል፤ የቀረው ግን ቦታ አጣቧል። የሚፈልግ ሰው ካለ ጠዋት አውቶቡስ ጣቢያ ይምጣ፣ አግዳሚው ላይ ነጭ ኩታ የለበሱትን ሽማግሌ ይጠይቅ፤ የተሳሳቱትን ቢጠይቅም ግድ የለም፣ ያደርሱታል። ቅዳሜ አይሆንም። ከቴስት በፊትም አይሰጥም።